መራራውን ቀንስ፣ ውሃውን ጨምር

ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ከተስማሙ፣ ሦስት ሽማግሌ የሚላከው ማንን ለማስማማት ነው? ኦዳ ይህን ጥያቄ ለአቤኒ አቀረበ፤ ለእናቱ አቀረበ፤ ከቡራዩ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠ የማያውቀው ሰውዬ ሳይቀር አቀረበ። አቤኒ «አባቴን» አለችው። እናቱ «እኔን» አለችው። ሰውዬው ደግሞ የጆሮ ማዳመጫውን ነቅሎ ትንሽ አየውና «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ። ኦዳ ከሦስቱም አልተማረም።

በተፈጥሮው እንዲህ ነው። የማይጠራጠረው ነገር ቢኖር የራሱን ጥርጣሬ ብቻ ነው። ደብሊን የሚባል ዝናቡ የማያባራ ከተማ ሄዶ የከተማ ፕላን ተማረና፣ ፕላን በዓይኗ አይታ ወደማታውቅ ከተማ ተመለሰ። ሲሄድ ባቄላ ይዘራበት የነበረው የቡራዩ ሜዳ፣ ሲመለስ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ፣ ከሕንጻው ሥር የብረት በር ብየዳ ቤት፣ ከብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ራሱም ግራ የገባው መንገድ ሆኖ ጠበቀው። አሁን ከእናቱ ቤት ሆኖ ለአንድ አማካሪ ድርጅት ካርታ ይሠራል። ሥራውን ለዘመድ ማስረዳት ግን አልሆነለትም። «ካርታ እሠራለሁ» ሲላቸው «ለእኔም ቦታ አንድ አውጣልኝ» ይሉታል።

አቤኒን ያገኛት ለዚሁ ሥራ ሰበታ በሄደ ጊዜ ነው። የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ የተጣመመ ስፌት ከሩቅ ይታያታል። አባቷ አቶ ማርቆስ ከወላይታ መጥተው ሲሚንቶ በመሸከም ጀምረው ፎርማን የሆኑ፣ በጸሎት ቤታቸውም የተከበሩ አገልጋይ የሆኑ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሴት ልጁን በቴሌግራም አይድርም። ስለዚህ ኦዳ ከነጥያቄው ተሸነፈና ሽማግሌ ሊልክ ተስማማ።

ዓለም ገና ከተማ አንድ ጭማቂ ቤት ተቀምጠው ነው አቤኒ ነገሩን የቋጨችው።

«አባቴ ቅዳሜ ይምጡ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ።»

«ምን?»

«ቀምሰው እንዳይመጡ።»

«ምን ቀምሰው?»

«አትቀልድ። አጎትህን ያኔ የጎረቤታችሁ ለቅሶ ላይ አይቻቸዋለሁ።»

«አዝነው ነበር እኮ።»

«እየዘፈኑ ነበር።»

ኦዳ ጭማቂውን በማንኪያ አማሰለ። አቤኒ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ ታላቅ ወንድሙን ከየመጠጥ ቤቱ ተሸክሞ ሲያመጣ ኖሮ ነው የቀበረው። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ቀምሰው ከመጡ ሁለተኛ በር አይከፍትላቸውም። እኔም ክፈት ብዬ አልለምነውም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ትነግራቸዋለህ?»

«እነግራቸዋለሁ አልኩሽ።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ኦቦ ባጫ የሟች አባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ገፈርሳ አጠገብ ያርሳሉ፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ አባቱም እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሱ በሬዎቹም የሚታዘዟቸው አይመስላቸውም። ለእሳቸው «ቅዳሜ አይጠጡ» ማለት ብቻ ነው። ኦዳ መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደው። በአማርኛ ሲለው ስድብ ሆነበት። በኦሮምኛ ሲለው ደግሞ እርግማን። በእንግሊዝኛ ብቻ ያምር ነበር፤ አጎቱ ደግሞ እንግሊዝኛ አይሰሙም።

የተማረ ሰው መናገር ሲያቅተው ፕላን ያወጣል። ኦዳም አወጣ። አጎቱ ያለ መጠጥ ከቤት የማይወጡ ከሆነ፣ ከልክሏቸው መንገድ ላይ አረቄ ከሚገዙ፣ ራሱ የማይሸት ነገር ሰጥቶ መላክ ይሻላል። ደብሊን ያስተማረው ፕሮፌሰር ምሳ ላይ ጂንን ቶኒክ በሚባል መራራ ለስላሳ በጥብጦ ጠጥቶ ከሰዓት በኋላ ንግግር ያደርግ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው የሎሚ ሽታ ብቻ ነው። አንድ እጅ ጂን፣ ሦስት እጅ ቶኒክ፣ በረዶ፣ ሎሚ። ጂኑ ትንሽ ነው፣ ቶኒኩ ይሸፍነዋል፣ የሚሸተው ሎሚው ነው። አጎቱም አይቀየሙ፣ አማቹም አይጠረጥሩ። በወረቀት ላይ እንከን የለበትም። የቡራዩ መንገድም በወረቀት ላይ እንከን አልነበረበትም።

ጂን የትም አለ። ቶኒክ ግን ቡራዩ አያውቀውም። የመጀመሪያው ሱቅ «ለፀጉር ነው?» አለው። ሁለተኛው ፋርማሲ ሂድ አለው፤ ፋርማሲስቷ ደግሞ ምግብ አልበላ ላሉ ሕጻናት የሚሰጥ ሽሮፕ አውጥታ «ስንት ዓመቱ ነው?» ስትል ጠየቀችው። ሦስተኛው ባለ ሱቅ አምቦ ውሃ እያቀበለው «ያው ነው፣ አረፋ አለው» አለ። ኦዳ ስለ ልዩነቱ ማስረዳት ጀምሮ ከኋላው ሰልፍ ሲረዝም ተወው።

በመጨረሻ የተገኘው ሱሉልታ ነው። በአዲሱ ገበያ አድርጎ ዳገቱን ወጥቶ፣ ውሃ እያሸገች ለአገሩ በምታከፋፍለው ከተማ መንገድ ዳር ያለ አንድ ሱፐርማርኬት ገባ። በደጁ ሯጮች ላባቸውን እየጠረጉ ያልፋሉ። ከውስጥ፣ ከውሻ ምግብና ከደረቀ ፓስታ መሐል፣ ቶኒኩ አቧራ ለብሶ ተደርድሯል። «የሚገዛው ሰው አለ?» አለ ኦዳ። «አንድ ፈረንጅ ነበር፣ አገሩ ገባ» አለችው ሻጭዋ። የፈረንጁን ድርሻ ጠቅልሎ ገዝቶ ተመለሰ።

ሳምንቱን እናቱን እያጠጣ ከረመ። ስኳር በውሃ አፍልቶ አቀዘቀዘ። ጂንን በሎሚና በስኳር ውሃ መትቶ አምቦ ውሃ ጨመረበት። ሌላውን በዝንጅብልና በማር ሠራው። ለቶኒኩ ከጓሮ ጤና አዳም ቀንጥሶ ከላይ ሰካ። መብራት ብልጭ ሲል በረዶ ሊሠራ ይሮጣል፤ ሲጠፋ ቀልጦ ያገኘዋል።

«እስቲ ይሄን ቅመሺ፣ እማ።»

እናቱ ተረፈች ቶኒኩን ቀመሰች፤ ዓይኗ ጠበበ።

«ማን ታሞ ነው?»

«መጠጥ ነው እኮ። ጂኑ የሚሠራው ከጥድ ፍሬ ነው።»

«ጥድ ለአጥር ነው።» የማሩን አንስታ ጨረሰችውና ብርጭቆውን አለቅልቃ ደፋችው። «ልጄ፣ ሰውዬውን አትጠጡ በለው በቃ። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?»

«ይቀየማሉ።»

«ማን ነገረህ?»

ማንም አልነገረውም። ግን የመመለሻ ትኬቱን ከቆረጠ ጀምሮ ሰው እንዳይቀየመው ሲጠነቀቅ ነው የኖረው፤ ሲጠነቀቅም ገና ለአንድ ሰው እንኳ እውነቱን አልነገረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ኦቦ ባጫ ነጭ ጋቢ አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ኦቦ ዲሪርሳ ግማሹን ቡራዩ የዳሩ፣ የቀረውን ግማሽ ያስታረቁ ተናጋሪ ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አቶ ካሳሁን ጡረታ የወጡ ሾፌር ሲሆኑ መኪናዋም የእሳቸው ናት፤ ጨጓራ ስላለባቸው ከሻይ በቀር አይቀምሱም።

«አካም ቡልተኒ» አሉ ኦቦ ባጫ ገና ከደጁ።

«ናጋ፣ ናጋ። ግቡ» አለች ተረፈች።

ተቀመጡ። ኦቦ ባጫ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰበታ ድረስ በደረቅ ጉሮሮ ልትልከን ነው?»

የመናገሪያዋ ደቂቃ ይህች ነበረች። ሰፊ ነበረች፣ ሦስት ጊዜ ታናግር ነበር። እናቱ ከጓዳ በር ላይ ሆና አየችው። ኦዳ አፉን ከፈተና «አዘጋጅቻለሁ» አለ።

አጎቱ የጂን ጠርሙስ ካዩ ንጹሑን እንደሚጨልጡት ስለሚያውቅ፣ ማታውኑ ጂኑን ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ገልብጦ አስቀምጦታል፤ ላዩን ለሚያየው የታሸገ ውሃ ነው። የፕላኑ ምርጥ ክፍል ይህ ነበር። ብርጭቆዎቹን ደረደረ፣ በረዶ ጣለ፣ ከሃይላንዱ ትንሽ፣ ከቶኒኩ ብዙ ቀዳ፣ ሎሚ ጨመቀ፣ ጤና አዳሟን ሰካ።

ኦቦ ዲሪርሳ ተጎነጩና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሱ።

«ኪኒን ነው።»

«አዎ» አለ ኦዳ በደስታ፤ «ኪኒን አለበት። እንግሊዞች ህንድ አገር ለወባ ብለው ነው የጀመሩት።»

«ጋምቤላ ወታደር ሳለን አሰልፈው የሚያጎርሱን ይሄንን ነበር። ምራቁን የተፋ ይቀጣ ነበር።»

«ቡራዩ ወባ የለም» አሉ ኦቦ ባጫ።

«ሰበታን ማን ያውቃል? መጠንቀቅ ደግ ነው» አሉ ኦቦ ዲሪርሳና መድኃኒታቸውን ጨለጡ።

ኦቦ ባጫ የራሳቸውን ቀምሰው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ሃይላንዱ ጠቆሙ።

«መራራውን ቀንስ። ውሃውን ጨምር።»

«የትኛውን ውሃ?»

«ያንን ውሃ።»

ኦዳ ሃይላንዱን አየ። ይህ ውሃ አይደለም ቢል፣ ለምን ደበቅከው ሊባል ነው። ደበቅኩት ቢል፣ አላመንኳችሁም ማለት ነው። አላመንኳችሁም ከማለት ደግሞ መቅዳት ይቀላል። ቀዳ።

«አሁን ሰው የሚጠጣው ነገር ሆነ» አሉ ኦቦ ባጫ።

«ለእኔም እንደዚያው» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ፤ «ኪኒን ግማሹ አይወሰድም።»

አቶ ካሳሁን ሃይላንዱን አዩ፣ ኦዳን አዩ፣ ከዚያ ወደ ብርጭቋቸው ጎንበስ ብለው «ሻዩ ጥሩ ነው» አሉ።

በሁለተኛው ዙር መራራው የበለጠ ቀነሰ። በሦስተኛው ዙር ቶኒኩ ለስም ነበር የሚገባው። ሎሚው አለቀ፤ ጤና አዳሟ ብቻ በየብርጭቆው ላይ ቆማ ቀረች።

«ኦዳ፣ ይበቃቸዋል» አለች ተረፈች ከጓዳው።

«ተይው ልጁን፣ እያስተናገደን ነው» አሉ ኦቦ ባጫ፤ ተነስተውም በሁለት ቋንቋ መረቁት። ከብቱን መረቁ፣ ገና ያልተወለዱትን መረቁ፣ የሌለውን መኪናውን መረቁ። ፊታቸው የጠዋት ፀሐይ መስሎ ነበር። ኦዳ በር ድረስ ሸኝቷቸው ሲመለስ ጠጋ ብሎ ያሸተተው የሎሚ ሽታ ብቻ መሆኑን አስታውሶ ተጽናና።

ምሳ ሰዓት አካባቢ የአቤኒ መልእክት ገባ። «ደረሱ። አባቴ ፊት ቆመዋል፣ አምሮባቸዋል። ምንም አይሸቱም። አመሰግናለሁ፣ ኦዳ።»

ደጋግሞ አነበበው። ለእናቱም አነበበላት። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ «አመሰግናለሁ» የምትለዋን ዘለላት። ከዚያ ለራሱ አንድ ብርጭቆ በትክክለኛው ልክ ቀዳና በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ሦስት እጅ ቶኒክ፣ አንድ እጅ ጂን። ሦስት ሽማግሌ በአንድ ብልህ ሰው የሚመራበትን አገር እያሰበ ጠጣ።

መኪናዋ የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ኦቦ ባጫ ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ኦቦ ዲሪርሳ ወርደው የኦዳን ትከሻ መቱት። «ልክ አድርገን ነው የተናገርንልህ» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ መንገዱን በሙሉ ስፋቱ እየተጠቀሙ። አቶ ካሳሁን መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ኦዳ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«እንዴት ነበር?»

«መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ዲሪርሳ ሲናገር ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያ አቶ ማርቆስ ልጁ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ።»

«ካርታ እንደምሠራ አልነገሯቸውም?»

«ዲሪርሳ ካርታ ብሎ ጀምሮ ነበር። አጎትህ አቋረጡት።» አቶ ካሳሁን የፊት መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣው መጠጥ መቀመም ነው አሉ። እንደሱ የሚቀምም የለም፤ ዛሬ ጠዋት ራሱ ቀድቶ አጠጥቶን ነው የመጣነው፤ ይኸው ለእርስዎም ይመጣና ይቀዳልዎታል አሉ።»

ኦዳ የመኪናዋን በር ያዘ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቀመጡ አሏቸውና አጎትህ መሬት ላይ ተቀመጡ።»

«ወንበር አልሰጧቸውም?»

«ሰጥተዋቸዋል። ወንበሩን አላገኙትም።»

«አቶ ማርቆስ ምን አሉ?»

«ጸለዩልን። ረጅም ጸሎት ነው። አጎትህም አሜን ብለዋል፤ ትንሽ ቀደም ብለው ነው እንጂ።»

«ቀጠሮስ ሰጧችሁ?»

አቶ ካሳሁን ወደ ኋላ ዞረው የተኙትን ኦቦ ባጫን አዩ። መጀመሪያ ለሄደ ሽማግሌ እሺ የሚባልበት አገር የለም፤ ልጅቷን የሚሰጥም የማይሰጥም ቤት ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ በዚህ ቀን ተመለሱ ይላል። ቀን የተሰጠው ሽማግሌ ተስፋ ይዞ ይመለሳል። ቀን ያልተሰጠው ግን ደግሞ እንዳይመጣ ነው። ኦዳ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀው ነበር።

«ውሃ ሰጡን» አሉ አቶ ካሳሁን። «ለመንገድ ብለው። ያንተ አጎት ደግሞ አሸተቱትና ይሄ ውሃ ነው አሉ።»

ኦዳ ለአቤኒ ደወለ። ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ሁለት ቃል ጻፈችለት፦ «ነግረሃቸው ነበር?» ሳይመልስላት መሸ።

በማግስቱ ገፈርሳ ሄደ። ኦቦ ባጫ ራሳቸውን በነጠላ አስረው ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ድንች ይለቅማሉ። በአጎቱ ላይ ሊቆጣ ነበር የመጣው፤ በሚኒባሱ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ዐረፍተ ነገሮች አዘጋጅቶ ነበር።

«አጎቴ፣ ጂን መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ እኔ ጂን ስጠጣ አባትህ ሱሪ አልታጠቀም ነበር።»

«ታዲያ ውሃውን ጨምር ያሉኝ?»

«ውሃ አስመስለህ አቀረብከው፣ ውሃ አልኩት። በእንግዳ ፊት ላጋልጥህ ኖሯል?»

«ለምን ጠጡ ታዲያ?»

«ቀዳህልኛ። ልጅ ቀድቶ ሲያቀርብ አይሆንም ይባላል? ልጁ ፈርቷል፣ ደፍረን እንድንናገርለት ፈልጓል ብዬ ነው። ሆዴ እንደሁ ገና ከሁለተኛው ብርጭቆ ጀምሮ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

ኦዳ ያዘጋጃቸው ዐረፍተ ነገሮች ለዚህ አልተሠሩም።

«እሷ… ሳይቀምሱ ይምጡ ብላ ነበር።»

ኦቦ ባጫ የያዙትን ድንች አፈሩን አራግፈው ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ። ቀስ ብለው ነው ያስቀመጡት።

«መቼ ነው ያለችህ?»

«ከሳምንት በፊት።»

«እናትህን ለአባትህ ልጠይቅ ስሄድ» አሉ፣ «አባቷ መጠጥ አይወዱም ሲሉኝ ሳምንቱን ሙሉ ጠላ እንኳ በአፌ አልዞረም። ማንም አልለመነኝም። አንድ ሰው ነገረኝ፣ በቃ። አንተ አንድ ቃል ልትነግረኝ አቅቶህ ሱሉልታ ድረስ ሄድክ?»

ሱሉልታ መሄዱን ማን እንደነገራቸው አልጠየቀም። ተረፈች ትሆናለች።

«ይቀየማሉ ብዬ ነው።»

«አሁን ተቀይሜያለሁ» አሉ ኦቦ ባጫ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ፈተው እንደገና አጥብቀው አሰሩት። «ልሂድና ሰውዬውን ይቅርታ ልጠይቅ?»

«በሩን አይከፍቱልዎትም።»

«ደጁ ላይ እቆማለሁ። ቆሜ አውቃለሁ።»

«ይተዉት፣ አጎቴ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

ኦዳ ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። ለአቤኒ ረጅም መልእክት ጻፈ። ስለ ፕሮፌሰሩ፣ ስለ ሎሚው፣ አጎቱ ከቤት ያለ መጠጥ አይወጡም ብሎ ስለማሰቡ፣ ስለ ህንድና ስለ ወባ ጻፈ። አንብቦ አጠፋው። አጠር ያለ ጻፈ፤ እሱም ውስጥ ሦስት ጊዜ «ግን» ነበረበት። አጠፋው። ሦስተኛውን ጽፎ ሳያነበው ላከው።

«አልነገርኳቸውም። አጎቴ ቢነገራቸው አይጠጡም ነበር። ራሴ ነኝ የቀዳሁላቸው። ሌላ የሚባል የለኝም፣ አቤኒ።»

መልእክቱ ሄደ፤ ከአፍታ በኋላም መነበቡን አሳየ። ኦዳ ስልኩን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ሚኒባሶቹ እስኪያልፉ ጠበቀ፤ ቤት ገብቶም ጠበቀ፤ በሳምንቱም፣ ከዚያ ወዲያ ባሉት ሳምንታትም ጠበቀ። አቤኒ አልመለሰችም።